ስሕተት አለመሆኑን ለማስመስከር

የመጨረሻው፣ ዐሥራ ሁለተኛው ዙር ሊጀመር ነው። የወጣቱ ቦክሰኛ አንድ ዓይን አብጦ ተደፍኗል። አሰልጣኙ ሮኪ ባልቦዋ ፍልሚያውን ላስቁመው ይላል። ወጣቱ እንቢ ይላል፤ የሚያስመሰክረው ነገር አለው። ምኑን ነው የምታስመሰክረው ሲባል መልሱ አጭር ነው፤ ስሕተት አለመሆኑን።

«ክሪድ» የተሰኘው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ ከባድ አደራ ተሸክሞ ነበር። በ1976 በሲልቨስተር ስታሎን የተጀመረው የ«ሮኪ» ታሪክ ስድስት ፊልም ተሠርቶለት፣ ተመልካቹ እንደ ዘመዱ ታሪክ ይዞት ነበር። ዳይሬክተሩ ራያን ኩግለር ሽማግሌውን ሮኪን ከሪንጉ ጥግ አስቀምጦ መሐሉን ለአዲስ ልጅ ለቀቀለት። ማይክል ቢ. ጆርዳን የሚጫወተው አዶኒስ ጆንሰን፣ መጀመሪያ የሮኪ ባላንጣ ኋላም ወዳጁ የነበረው የአፖሎ ክሪድ ልጅ ነው። አፖሎ በ1985ቱ ፊልም ሪንግ ውስጥ ተመትቶ ሞቷል። አዶኒስ የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው፤ እናቱም የአፖሎ ሚስት አልነበረችም።

(ክርስቲያን የቦክስ ፊልም ይይ ወይስ አይይ የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ላቆየው። በየኅብረቱ ስንት ጊዜ ተነሥቶ ስንት ጊዜ ሳይቋጭ እንደ ቀረ ታውቃላችሁ።)

እኔን የያዘኝ የልጁ መልስ ነው። ሰው መወለዱ ስሕተት አለመሆኑን ማስመስከር ይችላልን? ለማንስ ነው የሚያስመሰክረው? በአማርኛ እንዲህ ላለ ልጅ የተሰጠው ስም ስድብ ነው፤ አልጽፈውም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የዚያ ቃል ክፋቱ አባትየው ላደረገው ነገር ልጁን መጥራቱ ነው። አፖሎ በድሏል፤ ሚስቱን ከድቷል፤ ይህን ማለስለስ አያስፈልግም። ግን በደል የሚባለው የአፖሎ ሥራ ነው፤ ልጁ ሥራ አይደለም፣ ሰው ነው። ይህን በወረቀት ላይ መለየት ቀላል ነው። በቤተ ክርስቲያን ግቢ ግን አንዲት እኅት አገልግሎት ልትጀምር ስትል «የማን ልጅ ናት?» ተብሎ በጆሮ ሲንሾካሾክ፣ ልዩነቱ ወዲያው ይጠፋብናል። እርሷም ትሰማለች። ከዚያ ከሁሉ ቀድማ ትመጣለች፣ ከሁሉ ዘግይታ ትሄዳለች፣ ወንበሩን ሁሉ ትደረድራለች፤ እኛም ትጋቷን እናደንቃለን።

አዶኒስም እንዲሁ ነው። በሎስ አንጀለስ ጥሩ ደመወዝ ያለው የቢሮ ሥራ አለው፤ ሌሊት ግን ድንበር ተሻግሮ በሜክሲኮዋ ቲጁዋና ይፋለማል። ቀን እድገት ባገኘበት ሥራ አይቆይም፤ ይለቃል። በፊልሙ ካሉት ትዕይንቶች ሁሉ አንዱን ደጋግሜ አስባለሁ። የአባቱንና የሮኪን የጥንት ፍልሚያ ግድግዳው ላይ እያየ ይነሣና አየሩን መምታት ይጀምራል። የሚከተለው ግን የአባቱን እጅ አይደለም፤ የሮኪን ነው። አባቱን ነው የሚመታው።

በመጽሐፈ መሳፍንት ዐሥራ አንደኛው ምዕራፍ ላይ የእርሱ ወንድም የሚመስል ሰው አለ። ገለዓዳዊው ዮፍታሔ ጽኑ ኃያል ነው፤ እናቱ ግን ጋለሞታ ነበረችና ወንድሞቹ ከርስት ነቅለው አባረሩት። አሞናውያን ጦር ሲያነሡ ሽማግሌዎቹ ያባረሩትን ሰው ሊለምኑት ሄዱ። ዮፍታሔ የጠየቀው ዋጋ ገንዘብ አልነበረም፤ ካሸነፍሁ አለቃችሁ እሆናለሁን አላቸው። አሸናፊነቱ መግቢያው ነበርና መሸነፍ አይችልም። ያን የከፋ ስእለት ለምን እንደ ተሳለ ሰባክያን ብዙ ይላሉ፤ እኔ እንደማስበው ግን ከቤት የተባረረ ልጅ ፍርሃት አለበት። ዋጋውን የከፈለችው አንዲት ልጁ ናት።

አዶኒስ ግን ዮፍታሔ ያላገኘውን አግኝቶ ነበር። ፊልሙ ሲጀምር ሕፃኑ እናቱ ሞታ፣ በልጆች ማቆያ ውስጥ ሲደባደብ ተይዞ ብቻውን ተዘግቶበታል። አንዲት ሴት ልታየው ትመጣለች፤ የአፖሎ ሚስት ሜሪ አን ናት። በእኛ ቋንቋ «የእንጀራ እናት» ሲባል ገና ታሪኩ ሳይነገር ፊታችን ይጠቁራል። ይህች ግን የእንጀራ እናት ለመሆንም አልተገደደችም። ይህ ልጅ የባሏ ክዳት ማስረጃ ነው፤ በመወለዱ የተጎዳ ሰው ካለ እርሷ ናት። ከእኔ ጋር ትኖራለህን ብላ የጠየቀችው እርሷው ናት። ልጁ ያን ጊዜ የሚያሳየው ድል የለውም፤ ያለው የተጨበጠ ቡጢ ነው። ስለ ልጅነት፣ ስለ ጉዲፈቻ በጳውሎስ መልእክቶች ስናጠና ብዙ ጊዜ የምንዘልለው ይህን ይመስለኛል፤ ልጅ አድርጎ የሚቀበለው የተበደለው ራሱ መሆኑን።

እንዲህ ከሆነ በእርሷ ቤት ያደገ ልጅ ለምን ቲጁዋና ሄደ ትሉ ይሆናል። ትክክል ነው፤ ፍቅሯ ቁስሉን በአንድ ሌሊት አላደረቀውም። የአባቱን ቃል ይፈልግ ነበር፤ አባቱ ደግሞ በመቃብር ነው። ስለዚህ ልጁ መፋለሙን አልኮንንበትም። በካንሰር የታመመውና መጀመሪያ ኬሞቴራፒ እንቢ ያለው ሮኪም በዚያ ጥግ ላይ አልኮነነውም። አንተ እንድታገል አስተማርኸኝ፣ አንተ ክሪድ ነህ፣ እወድሃለሁ አለው። የዳኞቹ ውጤት ገና አልተነበበም ነበር።

ሲነበብ ተሸነፈ። በሊቨርፑል፣ በጉዲሰን ፓርክ፣ ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ ለባለሜዳው ለሪኪ ኮንላን ሰጡ፤ ሮኪ በ1976ቱ ፊልም በአፖሎ እንደ ተሸነፈው ማለት ነው። ማስረጃው ድል ቢሆን ኖሮ አዶኒስ በሁለት ወረቀት ላይ ስሕተት ሆኖ ይቀር ነበር። እርሱ ግን ለአባቱ ምን ትለዋለህ ሲባል፣ እንደሚወደውና ሆን ብሎ እንዳልተወው እንደሚያውቅ ይናገራል። ግድግዳ ላይ የመታውን ሰው ማለት ነው።

በዚያ ሌሊት የለበሰው ቁምጣ እንደ አባቱ የአሜሪካን ባንዲራ ቀለም የያዘ ነው። ጆንሰንም ክሪድም የሚሉ ሁለት ስሞች ተጽፈውበታል፤ የእናቱም የአባቱም። የላከችለት ሜሪ አን ናት። ጥቅሉ የደረሰው ከፍልሚያው በፊት ነው።