ደብርን የሚመራው ማን ነው?

ቤት ያለ ምሰሶ አይቆምም፤ ምሰሶም ብቻውን ቤት አይባልም። ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ናት። አለቃ የሌለው ደብር ይበተናል፤ አለቃው ብቻውን ሁሉን የሚያደርግበት ደብር ግን ሳይበተን ይራቈታል። እንግዲህ ደብርን የሚመራው ማን ነው? የሚቀድሰው ነውን? ወይስ ለቀዳሹ ቀለብ የሚሰፍረው? ይህ ነገር ከሩቅ ለሚያየው ትንሽ ይመስላል፤ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት ደጋዎች፣ በፋርጣና በእስቴ፣ በጋይንትና በስማዳ ለሚኖር ካህንና ምእመን ግን የዘወትር ጥያቄ ነው።

የቀድሞው ሥርዓት የታወቀ ነበረ። አለቃው ደብሩን ይመራል፤ ገበዙ ንዋየ ቅድሳቱን ይጠብቃል፤ መሪጌታው ማኅሌቱን ያቆማል፤ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ በየወገናቸው ይሰለፋሉ፤ ቀሳውስትና ዲያቆናት በየሰሞናቸው ይገባሉ። ቅዳሴው ራሱ 2 ቀሳውስትና 3 ዲያቆናት ካልተሟሉ አይቀደስም። ከዚህም የተነሣ ሥርዓቱ ብቻውን ሁሉን ልሥራ የሚል ሰው እንደማይወድ ይታወቃል።

የዚህ ሁሉ መተዳደሪያ መሬት ነበረ። የደብሩን መሬት የያዘ ያገለግላል፤ ማገልገል ያልቻለም በምትኩ ሌላ ያቆማል። የዚህ ሥርዓት በጎነቱ ካህኑ የባለጠጋውን እጅ ሳያይ ባለጠጋውን ሊገሥጽ መቻሉ ነው። ክፋቱ ደግሞ መሬቱ ከአገልግሎቱ እየተለየ በሄደ ጊዜ የመቅደሱን ደጅ የማይረግጥ ሰው የአገልጋዩን ድርሻ መብላቱ ነው። ሕዝቡም ከደብሩ ሀብት ስላልተጠየቀ ስለ ሀብቱ አይጠይቅም ነበር።

በ1965 ዓ.ም. በሁለተኛው ፓትርያርክ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ቃለ ዓዋዲ የተባለው ደንብ ወጣ፤ በየደብሩም ሰበካ ጉባኤ እንዲቋቋም ታዘዘ። በዚህም ደንብ ካህናቱ፣ ምእመናኑና ወጣቶቹ ወኪሎቻቸውን መርጠው ከደብሩ አስተዳዳሪ ጋር ይመክራሉ፤ ምእመናኑም ተመዝግበው ለቤተ ክርስቲያናቸው አስተዋጽኦ ይከፍላሉ። ብዙም ሳይቈይ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ አብያተ ክርስቲያናትም ይተዳደሩበት የነበረውን መሬት አጡ። ሰበካ ጉባኤ ቀድሞ ባይታሰብ ኖሮ አገልጋዩ ምን በልቶ በመቅደስ ይቆም ነበር? ደንቡን ያወጡት አባት በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሡ፤ በ1971 ዓ.ም.ም ተገደሉ፤ የተከሉት ሥርዓት ግን ከእርሳቸው በኋላ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ካህኑ የሚኖረው በሕዝቡ እጅ ነው፤ ክርክሩም ከዚህ ይነሣል። አንዱ ወገን፥ ቤተ ክርስቲያን የክህነት ቤት ናትና ምእመን ሰጥቶ ዝም ይበል ይላል። ሁለተኛው ወገን፥ የሚከፍል ሊያዝ ይገባዋል ይላል። ሁለቱም እኩሌታውን እውነት ይዘዋል፤ እኩሌታውን ግን ጥለዋል። የፊተኛው ቃል ከጸና ሙዳየ ምጽዋቱ ያለ ምስክር ይከፈታል፤ ጻድቁ አለቃ እንኳ ከሐሜት አያመልጥም። የኋለኛው ቃል ከጸና ደግሞ የሣሩን ክዳን በቈርቈሮ ያስለወጠ ባለጠጋ በደብሩ ላይ ጌታ ይሆናል፤ ከእጁ የሚጠብቀውም ካህን ኃጢአቱን እያየ ዓይኑን ወደ ምድር ያቀረቅራል። ሙዳዩ ሞልቶ ተግሣጽ ከጠፋ ደብሩ ከሰረ እንጂ አላተረፈም።

ለዚህ ነገር ፍርድ በሐዋርያት ሥራ በ6ኛው ምዕራፍ ይገኛል። የግሪክን ቋንቋ የሚናገሩት ምእመናን መበለቶቻቸው ከዕለቱ ምግብ ስለ ተዘነጉ ባጕረመረሙ ጊዜ ሐዋርያት ማጕረምረሙን እንደ ዐመፅ አልቈጠሩትም። ጉባኤውን ጠርተው መልካም ምስክር ያላቸውን 7 ሰዎች እንዲመርጥ አደረጉ፤ ሕዝቡ መረጠ፤ እነርሱም ጸልየው እጃቸውን ጫኑ። ሐዋርያት ጸሎቱንና ስብከቱን ያዙ፤ የማዕዱን ሥራ ለተመረጡት ሰጡ። ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ጉባኤው የተጠራው በሰጪዎች ጩኸት አለመሆኑ ነው። የተጠራው የሚሰጡት በሌላቸው፣ የሚቀበሉት በጐደለባቸው መበለቶች ምክንያት ነው። እንግዲህ በደብር ጉባኤ የሚያናግረው ክርስትና እንጂ የተሰጠው ገንዘብ ብዛት አይደለም።

ለደብር የሚሰጠውም ገንዘብ ብቻ አይደለም። የፎገራው ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና አዲስ የአቋቋም ስልት ባወጡ ጊዜ የጐንደር ሊቃውንት የቈየውን ይዘው አዲሱን እንዳልተቀበሉ ይተረካል። ልጃቸው ተክሌ ግን በደብረ ታቦር አስተማረው፤ ስልቱም በስሙ ተክሌ ተብሎ ቀረ። የደብረ ታቦር አለቆች የሰውን ድምፅ በገንዘቡ የሚመዝኑ ቢሆኑ ኖሮ ከዚህ ስጦታ ምን ይተርፋቸው ነበር? የማኅሌቱ ሥርዓት ራሱ ለአመራር ምሳሌ ነው። ቀኝና ግራ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ መሪጌታው ይመራል፤ መቋሚያው ግን በሁሉም እጅ ነው። መሪው ብቻውን ቢዘም ማኅሌት አይባልም፤ ሁሉም በየፈቃዱ ቢዘም ደግሞ ሁከት ይሆናል።

ከተማይቱ ስሟን የወሰደችበት ተራራም ሌላ ትምህርት አለው። ጌታ በታቦር ብርሃነ መለኮቱን በገለጠ ጊዜ ጴጥሮስ 3 ዳስ ሠርቶ በዚያ መቅረትን ወደደ፤ ነገር ግን ወረዱ፤ በታች የታመመ ብላቴና ከአባቱ ጋር ይጠብቃቸው ነበር። ነሐሴ 13 ቀን በዓሉን የሚያከብር የደብር አለቃ ይህንን መውረድ ሊያስብ ይገባዋል። ሕንፃና በዓል በሩቅ ይታያሉ፤ ለሰጪውም ስም ያተርፋሉ። በጋይንት ድጓ በሚመሰከርባት በቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት በሚመሰከርባት በዙር አባ የሚማረው ደቀ መዝሙር ግን ቍራሽ ለምኖ የሚያድር ነው፤ ረኀቡም ከሩቅ አይታይም። ይህ ተማሪ ከተበተነ ነገ በተዋበው ሕንፃ ውስጥ የሚቆም አይገኝም። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤ ሒሳብ ከቈርቈሮውና ከደወሉ አስቀድሞ ጉባኤ ቤቱንና የደብሩን ድኾች ሊያስብ ይገባዋል።

እንግዲህ ደብርን የሚመራው ማን ነው ለሚለው መልሱ ይህ ነው። መሠዊያው ለካህኑ ነው፤ በዚያ ባለጠጋ አያዝም። ሒሳቡ ለጉባኤው ነው፤ በዚያም አለቃ ብቻውን አይቈጥርም። ሙዳየ ምጽዋቱ በምስክር ይከፈት፤ የተገኘው በመዝገብ ይጻፍ፤ የወጣውም በዐውደ ምሕረት ለሕዝቡ ይነበብ። ይህን ማድረግ አለቃውን መጠርጠር አይደለም፤ ከጥርጣሬ መጠበቅ ነው እንጂ። ሁለት ሳንቲም የሰጠችው መበለትም ደወል ካሠራው ባለጠጋ ጋር በአንድ ድምፅ ትቈጠር፤ ጌታ ስጦታዋን ከሁሉ አብልጦ ቈጥሮታልና። እንዲህ በሆነ ጊዜ ካህኑ ሳይፈራ ይገሥጻል፤ ምእመኑም ሳይጠራጠር ይሰጣል።