የጥላው ጎን የቱ ነው?

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ሱሉልታ የሠራኸውን ቤት ልታሳየኝ ወስደኸኝ፣ በቤቱ ግድግዳ ሥር ካስቆፈርካቸው መደቦች ፊት ዝም ብዬ መቆሜ ቅር እንዳሰኘህ ከእናትህ ሰምቻለሁ። መደቦቹን ጠልቻቸው አልነበረም። ዓይኔ ያረፈው በረንዳው ላይ በላስቲክ በተደረደሩት ችግኞች ላይ ነው። ስምንት ቡገንቢል ቆጠርኩ። ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ እንደገዛኸው ያስታውቃል፤ ሻጩ አበባውን አሳየህ፣ አንተም ወደድህ፣ ሱሉልታ እንደምትወስደው ግን አልነገርከውም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይህ ነው። ቡገንቢል አዳማ ላይ አጥር ሙሉ ያብባል። ሰበታም ግድግዳ ከተደገፈ ይኖራል። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ግን የኅዳር አመዳይ አንድ ሌሊት ካረፈበት፣ ጠዋት ስትወጣ ቅጠሉ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ይጠብቅሃል።

ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን አሁን ሸገር ከተማ ብለው በአንድ ስም ጠርተዋቸዋል። ለአስተዳደር አንድ ይሁኑ፤ ለተክል ግን አንድ አይደሉም። የአክስትህ ሰበታ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እኔ ካለሁበት ከቡራዩ ወደ ገፈርሳ ስትወጣ 2,600 ሜትር ትጠጋለህ። ያንተ ሱሉልታም እንጦጦን ተሻግሮ ከ2,500 በላይ ነው። ነገሩ የከፍታ ብቻ ቢሆን እኔና አንተ እኩል በሆንን ነበር። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል፤ ከተራራው ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ስለዚህ እኔ ዳገቱ ላይ የማላየውን አመዳይ አንተ በር ላይ ታገኘዋለህ። ሰበታ የተረፈ ተክል ቡራዩ ይተርፋል ማለት አይደለም፤ ቡራዩ የተረፈውንም ሱሉልታ ላይ ከማመንህ በፊት አንድ ኅዳርና አንድ ታኅሣሥ አሳድረው።

ይህን ያህል ለብርዱ። ዝም ያሰኘኝ ግን ሌላ ነው።

መደቦቹን እያሳየኸኝ «ከቤቱ በስተሰሜን ያለው የፀሐይ ጎን ነው፣ በስተደቡብ ያለው የጥላ ጎን ነው» አልከኝ። እውነትህን ነው፤ ግን ሰኔ ላይ ስለሆንን ነው። በእኛ አገር ፀሐይ እንደ ፈረንጅ አገር ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ወገን አትመጣም። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ቀትር ላይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች፤ ከዚያ ትሻገርና እስከ ሚያዝያ ድረስ በደቡብ በኩል ታልፋለች። እኩል አድርጋም አትከፍለውም። ሰኔ አጋማሽ ላይ ወደ ሰሜን የምታዘነብለው 14 ዲግሪ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ታኅሣሥ ላይ ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ ያህል ትወርዳለች። ሦስት ሜትር ከፍታ ያለው የቤትህ ግንብ ታኅሣሥ ቀትር ላይ ወደ ሰሜን ሁለት ሜትር የሚጠጋ ጥላ ይጥላል። የሰሜኑ መደብህ ስፋቱ አንድ ሜትር ነው። ሙሉ በሙሉ ጨለማ ውስጥ ገባ ማለት ነው፤ ያውም አንድ ቀን ሳይሆን በጋውን ሁሉ።

እንግዲህ አስበው። ሰሜኑ ጎን ፀሐይ የሚያገኘው ክረምት ላይ ነው፤ ክረምት ደግሞ ሰማዩ ደመና ነው። ደቡቡ ጎን ጥላ የሚሆነው በዚያው በክረምት ነው፤ ደመናው ሲገፈፍ ከመስከረም ጀምሮ ፀሐዩን ሁሉ እሱ ይቀበላል። ስለዚህ የጥላ ተክል ብለህ በደቡብ ያስቀመጥከው ጥር ላይ ይጠበሳል፣ የፀሐይ ያልከው ደግሞ በሰሜን ቀጭጮ ይቀራል። እኔም ቡራዩ እንደገባሁ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ያኔ የሚነግረኝ አልነበረም፤ ሁለት ዓመት ከስሬ ነው ያወቅሁት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አይደል? ደግነቱ አንተ ገና አላፈሰስክም፤ ችግኞችህ በላስቲክ ናቸው።

ለደቡቡ ጎን፣ ለፀሐዩ፣ ከገበያ ከመግዛትህ በፊት ተራራውን ተመልከት። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነው። አሸንዳን ታውቀዋለህ፤ ቅጠሉ እንደ ረጅም ሣር ከአንድ ቦታ የሚፈልቅ፣ አበባው በቀጥታ ዘንግ ጫፍ ላይ ቀይና ቢጫ ሆኖ የሚቆም። ፈረንጆች እሳት ውስጥ ከጋለ መቆስቆሻ ጋር ያመሳስሉታል፤ በግቢያቸውም እንደ ብርቅ ይተክሉታል። እኛ ዘንድ የደጋ ሣር መካከል ራሱን ችሎ የሚኖር ነው፤ ውርጭ አይገርመውም። ከአሸንዳው ጀርባ ራስ ክምር ይቁም፤ ብርቱካንማ አበባው በዘንጉ ላይ ድርብርብ ሆኖ ሲወጣ ማር ጠጪ ወፎች ከጠዋት እስከ ማታ አይለቁትም። ከአጥሩ ጥግ ደግሞ አመጃ፤ ቢጫ አበባው ለደጋ ሰው አዲስ አይደለም። ቀጋን አትናቅ፤ የራሳችን ጽጌረዳ ነው፣ አበባው ነጭ፣ እሾሁም ለአጥር ጥሩ ዘበኛ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። ቀጋውን ከአጥሩ አስነቅሎ ከውጭ የመጣ ጽጌረዳ የሚተክል ሰው ባየሁ ቁጥር ይህ ተረት ትዝ ይለኛል።

ከፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር፣ ዝቅ ያለውን አድርግ፦ ጦስኝ፣ ጤና አዳም፣ አሪቲ፣ ያቺ ሥጋ የምንጠብስባት ሮዝመሪ። አራቱም ፀሐይ ይወዳሉ፣ ውሃ አይጠይቁም፣ አንዳንዶቹም ቡናና ወጥ ላይ ይገባሉ። አንድ ነገር ግን ልብ በል። እነዚህን የሚገድላቸው ብርድ ሳይሆን የሐምሌ ውሃ ነው። የሱሉልታ ሜዳ ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ውሃ ቋጥሮ አይለቅም፤ ሥራቸው ይበሰብሳል፣ አንተም ብርድ ገደላቸው ብለህ ታማዋለህ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ። መደቡን ክንድ ያህል ከፍ አድርገው፣ ከሥሩ ጠጠር አፍስስ፣ አፈሩን ከአሸዋና ከበሰለ ፍግ ጋር ቀላቅል። የአክስትህ ሰበታም ከዋልካው ወገን ነው፤ እሷም እንዲሁ አድርጋ ነው የተሳካላት። እኔ ቡራዩ ዳገት ላይ ስለሆንኩ ችግሬ የተገላቢጦሽ ነው፤ ውሃው አፈሩን ይዞብኝ ይወርዳል።

አሁን የሰሜኑን ጥላ እንየው። ብዙ ሰው የጥላ ቦታ ሲያገኝ ቆሻሻ ይጥልበታል፣ ወይም ሲሚንቶ ያፈስበታል። እኔ ግን ከግቢዬ ሁሉ የምወደው እሱን ነው፤ ምክንያቱም እንሶስላ ያለው እዚያ ነው። አያትህ ለበዓል እጅና እግሯን የምትሞቀው እንሶስላ፣ ሥሩ ተወቅጦ ቀይ ቀለም የሚሰጠው። ወጣቶቹ ሥሩን እንጂ አበባውን አያውቁትም። ክረምት ላይ ከሰው ቁመት ሊደርስ ይችላል፣ ነጭ አበባው መሐሉ ሐምራዊ ነክቶት እንደ ቢራቢሮ ይንጠለጠላል። ጥላና እርጥበት ከሰጠኸው ሌላ አይጠይቅህም። እንግሊዞች እንኳ በዚያ በረዷቸው ሥሩን በጉዝጓዝ ሸፍነው ከዓመት ዓመት ያሳልፉታል።

በጋ ሲገባ ግን ይጠፋል። ግንዱ ይወድቃል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ መሬቱ ባዶ ይሆናል። አልሸሹም ዞር አሉ ነው፤ ሥሩ እንደ ድንች ከታች ተኝቷል። ስለዚህ ስትተክለው አጠገቡ ካስማ ትከል። የእኔን አንድ ጊዜ የቀን ሠራተኛ ባዶ መሬት መስሎት ቆፍሮ አወጣውና ከቆሻሻ ጋር ጣለው። ሰውየውን አልወቀስኩትም፤ ካስማ ያልተከልኩት እኔ ነኝ።

ከእንሶስላው ጎን ካላ ሊሊ ይስማማል። ሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ «ኤትዮፒካ» የሚል አለበትና የእኛ ነው ብለው የሚከራከሩ አጋጥመውኛል። ትውልዱ ደቡባዊው አፍሪካ ነው፤ አውሮፓውያን ቀድሞ የጥቁር ሰውን አገር ሁሉ ኢትዮጵያ ይሉት ስለነበር የሰጡት ስም ነው። እርጥብ ጥላ ይወዳል፤ ጠንካራ አመዳይ ቅጠሉን ቢያጠፋው ከሥሩ ተመልሶ ያቆጠቁጣል። ቅጠሉም ሥሩም አፍ ያቃጥላልና ትንሿ ልጅህ እንዳትነክሰው ተጠንቀቅ። ፈርን ጨምርበት። ዳማከሴን ደግሞ ከጥላው ዳር፣ ጠዋት ትንሽ ፀሐይ የሚያገኝበት ላይ አድርገው፤ ጉንፋን ሲይዝህ ጎረቤት አትዞርም።

ያ የጎረቤትህ ባሕር ዛፍ ያለበትን የምዕራብ ጥግ ግን ተወው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከእኛ ጋር የኖረ ዛፍ ነው፣ ውለታውን አልክድም፤ ጥላው ግን ከጥማት ጋር የተጋባ ጥላ ነው። ሥሩ ከአጥሩ ሥር ተሻግሮ ያንተን ውሃ ይጠጣል። እዚያ እንሶስላ መትከል ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ድንጋይ ደልድለህ መቀመጫ ሥራበት፤ እኔም ስመጣ ዐረፍ የምልበት ይኖረኛል።

የመትከያው ጊዜ አሁን ነው፤ ከሰኔ አትለፍ። አሁን የተተከለ ከኅዳር በፊት ሥር ይይዛል፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተተከለ ግን አመዳዩ ሕፃን ሳለ ያገኘዋል። ለመጀመሪያው በጋ ጆንያና ገለባ አዘጋጅ፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ንፋሱ ሲቆም፣ ከመምሸቱ በፊት አልብሳቸው። አመዳዩ ካረፈ በኋላ ማልበስ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ውርጭ የነካውን ቅጠልም ቶሎ አትቁረጥ፤ ብርዱ እስኪያልፍ ከሥሩ ያለውን ይከልልለታል።

በመጀመሪያው ዓመት ግቢው ባዶ መስሎ ስለሚታይህ አጠጋግተህ እንዳትተክል። እነዚህ ከዓመት ዓመት የሚኖሩ ተክሎች መጀመሪያ ወደ ታች ነው የሚያድጉት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። በአሸንዳና በአሸንዳ መካከል ሰፊ እርምጃ ተው፤ ክፍተቱን አደይ አበባ በትንበት። አደይ የአንድ ክረምት እንግዳ ናት፤ አብባ ዘሯን ጥላ ትሄዳለች፣ ቦታ አትቀማም።

ደግሞ እንጦጦ ወጥተህ ከዱር እንዳትነቅል። ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ሄደህ እያንዳንዱ ተክል ሲያድግ ምን እንደሚመስል ተመልከት፤ ለመትከያው ግን የሩቅ ፍለጋ አያስፈልግህም። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ዶማና ሁለት እርጥብ ጆንያ ይዘህ እኔ ዘንድ ና። የእኔ አሸንዳ ሰባት ዓመቱ ነው፣ መሐሉ ተጨናንቆ አበባ መስጠት ቀንሷል፤ አውጥተን አምስት ስድስት ቦታ እንገነጥለዋለን። እንሶስላውንም አካፍልሃለሁ። ቡገንቢሎቹን መኪናው ላይ ጫናቸው። አክስትህ ሰበታ ያለው የጓሮዋ ግድግዳ ወደ ደቡብ የዞረ ነው፣ ሦስቱን ትወስዳለች፤ ለተቀሩት ጎረቤቶቿን ትጠይቅልን። ምሳም እሷ ዘንድ ነው፣ ነግሬያታለሁ።