ከኢየሩሳሌም እስከ ቤተልሔም

ልጄ፣ ሰሞኑን ከቅዳሴ ለምን እንደምትቀር ስጠይቅህ «ስብከቱን እኮ በስልኬ እሰማዋለሁ» አልኸኝ። መስማትህን እወድልሃለሁ። ከብዙ እኩዮችህ ይልቅ መጽሐፍ ታውቃለህ፤ ጥቅስ ሲጠየቅ ምዕራፉን የምትነግረን አንተ ነህ። ስለዚህ ልመክርህ የፈለግሁት በምታውቀው ታሪክ ነው፤ ማቴዎስ በሁለተኛው ምዕራፍ በጻፈው።

ስለ ሰብአ ሰገል ብዙ ተሰብኳል። እኔን የሚያሳስቡኝ ግን በዚያ ታሪክ መካከል አንድ ጊዜ ብቅ ብለው የሚጠፉት የካህናት አለቆችና ጻፎች ናቸው። እንግዶቹ የተወለደው ንጉሥ ወዴት እንዳለ እየጠየቁ ኢየሩሳሌም ሲገቡ ሄሮድስ ደነገጠ፤ ከተማዋም አብራው ተሸበረች። ንጉሡ ሊቃውንቱን ሰብስቦ ክርስቶስ የት እንደሚወለድ ጠየቃቸው። ሲያመነቱ አናይም፤ የነቢዩ ሚክያስን ቃል ጠቅሰው ቤተልሔም ነው አሉት። መልሳቸው እውነት ነበር። ቤተልሔም ደግሞ ከኢየሩሳሌም ወደ ደቡብ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ማለዳ የተነሣ እግረኛ ፀሐይ ሳይበረታበት ይደርሳል። ከእነዚያ ሊቃውንት አንዱ እንኳ ተነሥቶ እንደ ሄደ ወንጌሉ አይነግረንም።

ይህ ያስፈራኛል። ነቢያት የተናገሩለት፣ አባቶቻቸው እያለቀሱ የጠበቁት ጌታ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ተወልዶ፣ እነሱ መልስ ሰጥተው ወደየቤታቸው ገቡ። ኦሪት ያልተሰጣቸው የምሥራቅ ሰዎች ደግሞ አገራቸውን ለቀው፣ የሩቁን መንገድ ችለው መጡ። የበለጠ የሚከብደው ይህ ነው፦ ያ ትክክለኛ መልስ ለሄሮድስም ደረሰው። ሰብአ ሰገል በዚያው መልስ ሄደው ሰገዱ፤ ሄሮድስ በዚያው መልስ ወታደር ልኮ ሁለት ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑትን የቤተልሔም ሕፃናት አስፈጀ። እውቀት የባለቤቱን ጉልበት ካላንበረከከ ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም።

ማንበብ ይቅርብህ ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ብለህ እንዳትረዳኝ። ኮከቡ እንግዶቹን ኢየሩሳሌም አድርሷቸዋል፤ የቤተልሔምን ስም ያገኙት ግን ከመጽሐፍ ነው። ቅዱስ መጽሐፍ የሌለበት መንፈሳዊነት መሐል መንገድ ላይ ይቀራል። ነገር ግን እንግዶቹ ቃሉን ሰምተው እዚያው አልተቀመጡም። ኮከቡን እንደገና አይተው እጅግ ታላቅ ደስታ የተደሰቱትም ከንጉሡ ዘንድ ወጥተው መንገድ ከጀመሩ በኋላ ነው። አንተ ደስታው ቀድሞ ይምጣና እሄዳለሁ ትላለህ። ልጄ፣ ሳይሞቅህም ተነሣ።

አልጋ ላይ ያለ ሕመምተኛ፣ ወይም በዐረብ አገር በሰው ቤት እየሠራች የዕረፍት ቀን የማታገኝ እኅት ቅዳሴውን በስልክ ብትከታተል እግዚአብሔር እንባዋን ያያል። በእሷ ላይ የምፈርድበት አፍ የለኝም። አንተ ግን ጤነኛ ነህ፣ ደጁም ቅርብህ ነው።

ስለ ሄሮድስ አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ በታላቅ ወጪ ያሳነጸው እሱ ነው፤ በዮሐንስ ወንጌል አይሁድ 46 ዓመት የፈጀ ሥራ ነው ብለው ሲከራከሩ የሚታየው ስለዚሁ ሕንፃ ነው። ቤቱን ሠርቶ የቤቱን ጌታ ሊገድል ተነሣ፤ በአፉም ሄጄ እሰግዳለሁ ይል ነበር። ለሕንፃ ማሠሪያ ስታዋጣ አስታውሰው።

አሁን ከእንግዶቹ ጋር ወደ ቤቱ እንግባ። ቤተ መንግሥት ደርሰው የመጡ ሰዎች ናቸው። ያገኙት ግን አንድ ቤት፣ አንዲት እናትና ሕፃን ነው፤ ዘብ የለም፣ ዙፋን የለም። አልተጠራጠሩም። መጀመሪያ ወድቀው ሰገዱ፣ ከዚያ ሣጥናቸውን ከፈቱ። እኛ ብዙ ጊዜ ይህን ቅደም ተከተል እናዛባለን፤ እጃችን ሰጥቶ ራሳችን ቀና እንዳለ ይቀራል። ዛሬም በቤተልሔም ወደ ልደቱ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው በር በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ አዋቂ ሰው ሳያጎነብስ አይገባም።

ሌላም ነገር ተመልከት። ኢየሩሳሌም ውስጥ ጠያቂ የነበሩት እነዚያ ሰዎች በዚህ ቤት አንድ ቃል ሲናገሩ አልተጻፈም። ለራሳቸው የለመኑት ነገር የለም። እኛ ደጀ ሰላም የምንደርሰው ፈተና ሲቀርብ፣ ሥራ ሲጠፋ፣ የጉዞ ወረቀት ሲዘገይ ነው። ልመና አልተከለከለም፤ አባት ነውና ይሰማናል። ግን አንዳንድ ቀን ምንም ሳትለምን ቁም። አምላክ ስለሆነ ብቻ ስገድለት። ይህን የቀመሰ ሰው ጸሎቱ ቢዘገይበትም ከደጁ አይርቅም።

ወርቁ ለንግሥናው፣ ዕጣኑ ለክህነቱ፣ ከርቤው ለሞቱ ነው ብለው አባቶች አስተምረውናል። ከርቤው ላይ ጥቂት ቆይ። ሊሰቅሉት ሲሉ ከርቤ የገባበት ወይን አቀረቡለት፤ ኒቆዲሞስም ሥጋውን ለመገነዝ ከርቤና እሬት ይዞ መጣ። ሕፃኑ ገና በእናቱ እቅፍ ሳለ ሞቱ በስጦታ መልክ ቀርቦለት ነበር። ገናን በምግብና በጨዋታ ብቻ የሚያሳልፍ ሰው ይህን ስጦታ አላየውም ማለት ነው። አንተ እየው፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ ያለውን ጾምም በዚህ ዓይን ጹመው።

ሰብአ ሰገል ሲመለሱ በሌላ መንገድ ሄዱ፤ ሄሮድስ እየጠበቃቸው ተዉት። የሰገደ ሰው በመጣበት አይመለስም። ታኅሣሥ 29 ከማኅሌቱ ጀምረህ ቁም፤ ቅዳሴው ሲያበቃ ግን በቀጥታ ወደ ቤትህ አትምጣ። ከአጎትህ ልጅ ጋር ከተኳረፋችሁ ቆይታችኋል። መጀመሪያ የምትሄደው እሱ ዘንድ ይሁን፤ ባዶ እጅህንም አትሂድ፣ ለልጆቹ የሚሆን ነገር ያዝ። እኛ ምሳውን እናቆይልሃለን።