ሦስት ፈታኞች፣ አንድ ባት

በአርሲ ደጋ፣ ስመ ጥር ሯጮችን ባፈራችው በበቆጂ፣ አንዲት ወጣት ሯጭ የግራ እግሯን ባት ተጎዳች። ሕመሙ ከጊዜ በኋላ ለቀቃት፤ ሩጫው ግን እንደ ቀድሞው አልሆነላትም። ሜዳ ላይ ከጓደኞቿ እኩል ትሄድና ዳገቱ ሲጀምር ወደ ኋላ ትቀራለች። አሰልጣኟ ቡድኑን የሚቀንስበት ጊዜ ስለደረሰ ቁርጡን ለማወቅ ወደ ፈታኞች ላካት።

የመጀመሪያው ወንበር ላይ አስቀመጣት። ጉልበቷ እንደታጠፈ ውስጥ እግሯን በመዳፉ ደግፎ «ግፊ» አላት። ገፋች፤ እጁ ተሸነፈ። «ሁለቱም እግሮች ጠንካራ ናቸው» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው በሆዷ አስተኝቶ፣ የእግሯን ጣቶች እስከ መጨረሻው ወደ ታች አስዘርግቶ፣ ከዚያ ግፊ አላት። አስቀድሞ ተኮማትሮ ያለቀ ጡንቻ ምን ኃይል ይወጣዋል? «ሁለቱም ደካማ ናቸው» ብሎ ጻፈ።

አሰልጣኙ ከሁለቱ ወረቀት የሚስማማውን መረጠ። እግሯ ጤነኛ ከሆነ የጎደላት ወኔ ነው አለ። ሰው ሌላውን ሰነፍ ሊለው ከፈለገ ማስረጃ አያጣም።

ልጅቷ ግን እሺ ብላ አልተቀመጠችም። ጡረታ የወጡ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ ሄደች፤ አሰልጣኙም አብሯት መጣ። ሽማግሌው ወረቀቶቹን አንብበው፣ «ስትፈተን ጉልበቷ እንዴት ነበር?» ሲሉ ጠየቁ።

«ይሄ ምን ለውጥ ያመጣል፣ ጋሼ?»

«ባት ውስጥ ሁለት ትልልቅ ጡንቻዎች አሉ፣ ልጄ። ላይኛው ከጉልበት በላይ፣ ከጭን አጥንት ይነሳል። ከሥሩ ያለው ከጉልበት በታች ይጀምራል። ሁለቱም በአንድ ጅማት ተረከዝ ላይ ይታሰራሉ። ጉልበት ሲታጠፍ ላይኛው እንደ ላላ ገመድ ይሆንና ሥራው በታችኛው ላይ ይወድቃል። ደግሞስ መላ ሰውነት የሚያነሳ ባት በእጅ ተገፍቶ ልኩ ይታወቃል?»

ጫማዋን አስወልቀው ግድግዳ ፊት አቆሟት። ሚዛን ለመጠበቅ ያህል በጣቶቿ ጫፍ ብቻ ግድግዳውን ነካች። በቀኝ እግሯ ብቻ ቆማ፣ ጉልበቷን ዘርግታ፣ ተረከዟን እስከ ላይ እያነሳች 25 ሞላች፤ ከጤነኛ ሰው የሚጠበቀው ይኸው ነው። ግራው ተራ ሲደርሰው ገና 7ኛው ላይ ጉልበቷ በቀስታ መታጠፍ ጀመረ። ሽማግሌው ከጉልበቷ በስተኋላ ነካ አድርገው «ቀጥ አድርጊው» አሏት። ቀጥ ስታደርገው ደረቷ ወደ ግድግዳው አዘነበለ። «አትደገፊ፣ የኔ ልጅ።» 9ኛው ላይ ተረከዟ ከመሬት እምብዛም አልተነሳም። ቆጠራው እዚያ ላይ ቆመ።

ጥቂት አሳርፈው፣ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ እንድትሞክር አዘዟት። ያው ግራ እግር አሁን ደህና ሠራ።

«የደከመው ላይኛው ነው» አሉ። «የመጀመሪያው ፈታኝ አልዋሸም። ታጥፎ ሳለ ጠየቀው፤ ታጥፎ መለሰለት።»

ጉልበቷን ዘርግታ ተረከዝ ማንሳትን አዘዙላት፤ መጀመሪያ በሁለት እግር፣ ስትጠነክር በአንድ፣ ሳይቸኩሉ። ሥራው ወራት ይፈልጋል፤ አሰልጣኙም እስከዚያ ከቡድኑ እንደማያስወጣት ቃል ገባ።

ሊወጡ ሲሉ ግን በሩ ላይ ቆመ። «ባለፈው ዓመት ያሰናበትኩት ልጅ አለ፣ ጋሼ። እሱም ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የተፈተነው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ጥራው እንጂ!»

አሰልጣኙ ከግቢው ሳይወጣ ደወለለት።