ሃምሳ ሎሚ፣ ሦስት መቶ ወንበር

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚለው ተረት ሳይነሣበት የሚበተን ስብሰባ ጥቂት ነው። መዋጮ ሲጠየቅ ይነገራል። መንገድ ሊጠረግ፣ ቤተ ክርስቲያን ሊታደስ፣ የታመመ ጎረቤት ሊታከም ሲል ይነገራል። ሰብሳቢው ግማሹን ሲል የቀረውን ተሰብሳቢው ይጨርስለታል። ሁላችንም ስለምናውቀው ውስጡን ገልጦ የሚያየው የለም። እኔ ግን ይህን ተረት ብዙ ሰው ሸክም እንዲካፈል ተብሎ በተቋቋመ ቦታ ልፈትነው እፈልጋለሁ፤ በቀበሌና በወረዳ ምክር ቤት።

ተረቱ ሲነገር ጆሯችን የሚይዘው "ተባበሩ" የሚለውን ብቻ ነው። ሌላም የሚናገረው ነገር አለ። ሎሚው ሃምሳ ነው፤ ሰዉም ሃምሳ። ለእያንዳንዱ አንድ ሎሚ ይደርሰዋል፤ ባዶ እጁን የሚሄድ የለም፣ ሁለት የሚይዝም የለም። ሸክሙ የቀለለው ሰው ስለበዛ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ስላወቀ ነው። ሃምሳ ሰው ተሰብስቦ ሎሚው ከነጆንያው በአንድ ሰው ጀርባ ላይ ቢቀር፣ አርባ ዘጠኙ አጃቢ ናቸው። ተሸካሚው አልቀለለትም፤ ጭራሽ "ይህን ያህል ሰው አብሮህ እያለ ምን ያስለፈልፍሃል?" ይባላል።

አሁን ወደ ምክር ቤቱ። ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ ሲካሄድ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 ከፍ እንዲል ተደርጎ ነበር። በመላ አገሪቱ ለቀበሌ፣ ለወረዳና ለከተማ ምክር ቤቶች የተመረጠው ሰው ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ሆነ። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም.ም እንዲሁ ተደረገ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በዝቅተኛው እርከን በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዚያ እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጠው ይላልና፣ አሳቡ በወረቀት ላይ ከተረታችን ጋር አንድ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲነደፍ አንድ የገጠር ቀበሌ 5,000 ያህል ሰው ይኖርበታል ተብሎ ነው። በአንድ ቤት አምስት ሰው ብንል ወደ አንድ ሺህ ቤት ይመጣል። አንድ ሺህ ቤት ለሦስት መቶ ተመራጭ ሲካፈል ለአንዱ የሚደርሰው ሦስት ወይም አራት ቤት ነው። ሦስት አራት ቤት! ለዓመት በዓል ቡና የምትጠራ ባልቴት እንኳ ከዚያ የበለጠ ቤት ታዳርሳለች።

ታዲያ በዚህ ስሌት የማንም ችግር ሳይሰማ ባላደረ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። እኔ በደረስኩባቸው ቀበሌዎች "የአንተ የምክር ቤት ተወካይ ማን ነው?" ብዬ ስጠይቅ የሚነገረኝ የሊቀ መንበሩ ስም ነው፤ ካልሆነም የሥራ አስኪያጁ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ተቀጣሪ እንጂ ተመራጭ አይደለም። ሦስት መቶዎቹ የቀበሌው ናቸው ተባሉ እንጂ የትኛው ተመራጭ የየትኛው ጎጥ፣ የየትኞቹ ቤቶች እንደሆነ ተለይቶ አልተነገረም። ሎሚው አልተከፋፈለም፤ የተከፋፈለው ወንበሩ ነው። በዚያ ላይ በሁለቱም ምርጫዎች ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ራሳቸውን አግልለው ስለነበር፣ አብዛኛው ዕጩ የመጣው ከአንድ ዝርዝር ነው። ስሙን ዝርዝር ውስጥ ያስገባለት አካል ከላይ ከሆነ፣ ሰው ዓይኑን የሚጥለው ወዴት እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው። በ2010 ዓ.ም. ይደረጋል የተባለው የአካባቢ ምርጫም ተራዘመ፣ በ2011 ዓ.ም. እንደገና ተራዘመ። ሰኔ 2013 ዓ.ም. ጠቅላላ ምርጫው ሲካሄድ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ምክር ቤቶች ተካተቱ፤ የአዲስ አበባው ብቻ 138 ወንበር አለው። የሌላው አገር ቀበሌና ወረዳ ግን አልተካተተም።

በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ የመራጭ ተመራጭ መድረክ ላይ ተቀምጬ ያየሁትን ልንገራችሁ። አዳራሹ ሞልቷል። ከፊት ያለው ጠረጴዛ ጨርቅ ለብሶ የታሸገ ውሃ ተደርድሮበታል። ሪፖርት ተነበበ፤ ፐርሰንት የበዛበት ሪፖርት ነበር። ዕድል ሲሰጥ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ተነሡ። "የኛ ሰፈር ቦኖ ከፋሲካ ወዲህ ጠብታ ሰጥቶን አያውቅም" አሉ። "ልጆቼ ጀሪካን ተሸክመው ወንዝ ይወርዳሉ። ባለፈው ስብሰባም ይህንኑ ተናግሬአለሁ፤ ያኔ የጻፈው ልጅ ይኸው ዛሬም ይጽፋል።" በአገጫቸው ቃለ ጉባኤ የሚይዘውን ወጣት አመለከቱ። ወጣቱ ቀና ሳይል መጻፉን ቀጠለ። መልሱ ከመድረክ መጣ፦ "እናታችን ያነሡት ጥያቄ የሁላችንም ጥያቄ ነው። እንደ ግብዓት ወስደነዋል። ከበጀት አንጻር እየታየ በሂደት ላይ ነው።"

ይህን መልስ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ይኖራል ብዬ አላምንም። በመልሱ ውስጥ ሰው የለም። ወሰድነው ያሉት እነማን እንደሆኑ፣ የሚያየው ማን እንደሆነ፣ ሂደቱ በማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ አይታወቅም። ከእኒያ እናት ሰፈር የተመረጡ አባላት በዚያው አዳራሽ ተቀምጠው ነበር። አንዳቸው ተነሥተው "ሰፈሩ የኔ ነው፤ ነገ ውሃ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ፤ የሚሉኝን እሑድ እመጣና እነግርዎታለሁ" ቢሉ ኖሮ ቦኖው በማግስቱ ባይፈስ እንኳ የእናቲቱ ጥያቄ ባለቤት ያገኝ ነበር። ተረቱ የወደቀው እዚህ ነው። ሸክም "የሁላችንም" ሲባል ካልተመተረ ማንም አያነሣውም።

ታዲያ ተመራጩን ወደ ቤቱ ደጃፍ ማቅረብ ብቻ ይበቃ ይሆን? አይበቃም፤ የራሳችን ታሪክ ይመሰክራል። ቀበሌ ከሐምሌ 1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ጋር ሲመጣ ለሰው በጣም ቅርብ ነበር። ኪራያቸው ከመቶ ብር የማይበልጥ ቤቶችን ያከራየው ቀበሌ ነው፤ ስኳር በኩፖን ያከፋፈለው፣ አዛውንቱን ፊደል ያስቆጠረው ቀበሌ ነው። ብዙም ሳይቆይ ግን ያው ቀበሌ በቀይ ሽብር ዘመን በየቤቱ ማን እንዳደረ የሚያውቅ፣ ወጣቱን ከመኝታው የሚያስነሣ ሆነ። ቅርበቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ለማን ብሎ እንደሚቀርብ ነው። በኋላ የመጣው አንድ ለአምስትም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው አምስት ቤት እንዲይዝ ማድረጉ ከሃምሳ ሎሚው ስሌት ጋር ይገጥማል፤ በጤናው በኩል እናቶችን ጤና ጣቢያ ሄደው እንዲወልዱ በማበረታታት ረገድ ሥራ መሥራቱንም አልክድም። ነገር ግን መልእክቱ በአብዛኛው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነበር፤ ከታች ወደ ላይ ይወጣ የነበረው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሰው አቤቱታ ሳይሆን ማን ምን እንደተናገረ ነው። ሰው ጎረቤቱን የሚፈራበት ቅርበት እንደራሴነት አይደለም።

ተረቱ እውነት ሆኖ የማየው ዕድር ውስጥ ነው። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፤ ድንኳን የሚተክለው ይታወቃል፤ ሳህንና ብርጭቆ ቆጥሮ የሚያወጣው ይታወቃል፤ ለቅሶ ቤት የሚያድረው በተራ ነው። ቀብር የቀረ ስሙ ይጻፍበታል፤ ያለ በቂ ምክንያት ከሆነ ይቀጣል። ገንዘብ ያዡ ከመዋጮው ምን እንደወጣ በአባላቱ ፊት ያነባል፤ ያላመነ ደብተሩን ተቀብሎ ያያል። ኃላፊዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የላቸውም። የምክር ቤት አባሎቻችን አብዛኞቹ የዕድር አባላት ናቸው። በዕድር ድርሻውን የማያጎድል ሰው በምክር ቤት ወንበሩ ላይ ድምፁ የሚጠፋው ሰውየው ሌላ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ድርሻው ተለይቶ ስላልተሰጠው ነው።

ይህን ያወቀች አንዲት የወረዳ ምክር ቤት አባል አውቃለሁ። አስተማሪ ናት። የዕድሩ ወርኃዊ መዋጮ በሚሰበሰብበት እሑድ ጠዋት ከዕድሩ ቤት ደጅ አትጠፋም። ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን ሲዘጋ የዕድሩ ዳኛ "መምህርት የምትነግረን አላት፤ እንዳትበተኑ" ይላሉ። ከቦርሳዋ የተማሪ ደብተር ታወጣለች። በአንድ በኩል የተጠየቀችው፣ ከጎኑ የደረሰበት ተጽፏል። አንድ ቀን ስለ ውሃ መውረጃው ቦይ ስትናገር ነበርኩ። "ምክር ቤት አቅርቤው ነበር፤ የዘንድሮው የካፒታል በጀት ለጤና ጣቢያው ጣሪያ ተያዘ። የኛም ይያዝ ብዬ ተከራክሬ በድምፅ ተበለጥኩ" አለች። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። "አላመጣሽልንም፤ ግን የት እንደቀረ ነገርሽን፣ ተባረኪ ልጄ። ለከርሞ የሚጠየቀው መቼ ነው?"

"ጋሼ፣ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ነው የሚጀምረው፤ ዕቅዱ ግን ከዚያ አስቀድሞ ነው የሚሠራው። ሐምሌ ላይ ብንጮህ የሚሰማን የለም። መጋቢት ላይ በጽሑፍ ብንሰጥ ይሻላል።"

መጋቢት ላይ ሰፈሩ ፊርማ አሰባስቦ ሰጣት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ቦዩ ያኔ አልተሠራም ነበር። ነገር ግን ሰዎቹ መቼ፣ ለማን፣ በምን መልክ መጠየቅ እንዳለባቸው አወቁ። ፊርማ ያዞሩት እነሱ ናቸው። ቦዩ የት ላይ እንደተደፈነ ለክተው የጻፉት የሰፈሩ ግንበኞች ናቸው። ለተመራጯ የቀረላት ድርሻ ወረቀቱን ይዞ መግባትና መልሱን ይዞ መውጣት ነው። ሃምሳ ሎሚው ከተመራጮቹ አልፎ መራጩም የሚካፈለው መሆኑን ያየሁት እዚያ ነው። እኛ መራጮች ድርሻችን የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ ስንከት ያለቀ ስለሚመስለን፣ ተመራጩን ብቻውን ጆንያ እናሸክመውና ሲጎብጥ እናማዋለን።

ለተመራጩም መፍረድ ያስፈልጋል። የቀበሌ ወይም የወረዳ ምክር ቤት ተራ አባል ለአባልነቱ ደመወዝ የለውም፤ ስብሰባ ሲኖር የምትሰጥ አበል ናት። እርሻውን ወይም ክፍሉን ጥሎ ይመጣል፤ የስልክ ካርዱን ከኪሱ ይሞላል። ከወረዳ በጀት አብዛኛው የመምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የሌሎች ሠራተኞች ደመወዝ ስለሆነ፣ ምክር ቤቱ ተከራክሮ ሊወስንበት የሚችለው ገንዘብ ጥቂት ነው። ጥያቄ ያበዛ አባል በክፉ ዓይን የሚታይበት ቦታም አለ። ስለዚህ ብዙው ሰው የማይችለውን ቃል ከመግባት ከመራጩ መራቅን ይመርጣል፤ በገበያ ቀን በሌላ መንገድ ይዞራል። እኔ የምከራከረው ግን ባዶ እጅ ከመራቅ ባዶ እጅ መቅረብ ይበልጣል ብዬ ነው። መምህርቷ ለሰፈሩ የሰጠችው ትልቁ ነገር አንድ "አልሆነም" ነበር፤ ከነምክንያቱ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይደነግጋል። ትልቅ መብት ነው፤ ነገር ግን ተወካዩ ማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ማንን ያነሣል? በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ የዜጎች ቻርተር ተለጥፎ እናያለን፤ ለመታወቂያ ስንት ቀን፣ ለድጋፍ ደብዳቤ የትኛው ቢሮ ቁጥር እንደሚኬድ ይነግረናል። ከጎኑ አንድ ወረቀት ይጨመር፦ በአንድ በኩል የሰፈሩ ወይም የጎጡ ስም፣ በሌላው የተመራጩ ስም፣ ከሥሩ በየወሩ የት ቦታ በስንት ሰዓት እንደሚገኝ። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፤ የሚቀጥለውን ምርጫም መጠበቅ አያሻም፤ ዛሬ ወንበሩ ላይ ያሉት አባላት ስምም ሰፈርም አላቸው።