የውሻ ዋጋ ስንት ነው?

«ሰው በሚራብበት አገር ለውሻ ገንዘብ ማውጣት ቅብጠት አይደለም ወይ?» ይህን ጥያቄ በዶርም ክርክር ላይ ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለንም። የሚናቅ ጥያቄም አይደለም። ነገር ግን ከመመለሳችን በፊት እስቲ ጥያቄውን ራሱን እንመርምረው።

ለመሆኑ የመንገድ ውሻ ከየት መጣ? ከዱር አልመጣም። ለጥበቃ ተብሎ ካደገ በኋላ ባለቤቱ ቤት ሲለቅ በር ላይ የቀረ፣ ወይም ሴት ናት ተብላ ገና ዓይኗን ሳትገልጥ የተጣለች ቡችላ ናት። ችግሩን የፈጠረው ሰው ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እያልን ታማኝነቱን ተረት አድርገንለታል፤ ያበላው ሰው ስላለበት ዕዳ ግን ተረቱ ዝም ይላል።

በእንስሳት መጠለያ በፈቃደኝነት የሚያገለግል ተማሪ ከፍቅር በፊት ሒሳብ ይማራል። ግቢ መጥረግ፣ ውሃ መቅዳት፣ ቁስል ማጠብ በየቀኑ አለ፤ በዓል ነው ተብሎ አይቀርም። ውሻ ወስዶ ሊያሳድግ የመጣ ሰው ክፍያ ሲጠየቅ፣ «የመንገድ ውሻም ይሸጣል እንዴ?» ብሎ ይቆጣል። አይሸጥም። የሚከፈለው ለክትባት፣ ለትል መድኃኒትና ለማምከኛ ነው። ደግሞም ያ ትንሹ ወጪ ነው። በወጉ የተያዘ ውሻ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል፤ ዓመቱን ሙሉ ይበላል፣ ይታመማል፣ ያረጃል። የነጻ ውሻ የሚባል ነገር የለም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ወጪ ከሰው አፍ የተነጠቀ ነው? የእብድ ውሻ በሽታን እንውሰድ። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች 99 ከመቶ ያህሉን የሚያስይዛቸው ውሻ ነው። ፓስተር ክትባቱን በሰው ላይ የሞከረው በ1885 (እ.ኤ.አ.) ነበር፤ ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 ከመቶው ቢከተቡም ስርጭቱ ይገታል። በ2003 (እ.ኤ.አ.) በባሌ ተራሮች ከውሾች የተዛመተው ይኸው በሽታ፣ ከአገራችን በቀር የትም የሌለውን ቀይ ቀበሮ ፈጅቷል። እንግዲህ ውሻዋ የተወጋችው መርፌ የሠፈሩን ሕፃንም ይጠብቃል። «ሰው ወይስ ውሻ?» የሚለው ምርጫ የሐሰት ምርጫ ነው።

እውነተኛው ጥያቄ ሌላ ነው፤ እሱም እኛኑ ይነካናል። ከካፌ የተረፈ ቡሌ ይዞ ወጥቶ ለግቢ ውሻ መወርወር ደስ ይላል። ውሻዋ ጅራቷን ትቆላለች፣ እኛም ደጎች የሆንን ይመስለናል። ግን ጋዋን ለብሰን ፎቶ ተነስተን ስንሄድስ? እሷ ምረቃ አታውቅም፤ በተለመደው ሰዓት እዚያው ካፌ በር ላይ ትቆማለች። መጠበቅን ያስተማረ ደግነት ዕዳ ገብቷል። ከነጭራሹ ባናበላ ይሻል ነበር ማለታችን ግን አይደለም፤ የራበው ሆድ ፍልስፍናችንን አይጠብቅም። ምሕረት የምትመዘነው በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን በሁለት መቶኛው ቀን ነው ለማለት ነው።

አንድ ተማሪ በዶርም አልጋው ሥር ውሻ ማሳደግ አይችልም። ማሳደግ የማይችል ሰው «አልችልም» ማለቱም ሐቀኝነት ነው። ነገር ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ከየኪሳችን ብናዋጣ፣ ቅዳሜ ቅዳሜም ተራ ብንገባ፣ ያንዱ መመረቅ የሌላዋ መራብ አይሆንም። ለታናናሾቻችን አሮጌ ደብተርና ባልዲ አውርሰን እንሄድ የለ? የውሻዋን የክትባት ቀንም እናውርሳቸው።