ያዘ!

አንድ ሰው ነበር፤ በኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ የሚኖር። በእቁብ ገንዘብ የገዛት ያገለገለች ባለ ኦቶማቲክ ካምቢዮ የጭነት መኪና ነበረችው። ሥራው ከዴንቨር የታጠበ አንሶላና ፎጣ ጭኖ ተራራው ላይ ላሉት የበረዶ ሸርተቴ ከተሞች ሆቴሎች ማድረስ ነው። መንገዱ አይ ሰቨንቲ ይባላል፤ ሽቅብ ወጥቶ ወጥቶ፣ ከእንጦጦ አናት በሚበልጥ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአይዘንሃወር ዋሻ ውስጥ ይገባል። አንሶላ ቀላል የሚመስለው ላልጫነው ነው።

አንድ የበረዶ ወራት ማለዳ፣ ዳገቱ ላይ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ስትቀይር ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ ግን አልተከተለችም። ነዳጅ ረገጠ፤ ጩኸቱ ጨመረ፣ ፍጥነቱ ቀነሰ።

ሙያውን ሶማሌ ተራ ጀምሮ አውሮራ ጋራዥ ወደ ከፈተ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወሰዳት። ሽማግሌው ኮፋኖውን ከፍቶ የካምቢዮውን የዘይት መለኪያ መዘዘና በነጭ ሶፍት ጠረገው። ቀይ መሆን የነበረበት ቡኒ ሆኗል፤ በቡኒው ውስጥ ጥቋቁር ብናኝ አለ። አሸተተና ሶፍቱን ለሰውየው አቀበለው።

«ምን ይሸታል?»

«የተቃጠለ ዘይት፣ ጋሼ።»

«ዘይት አይደለም። ሸራ ነው የሚሸተው።»

ከዚያም አስረዳው። ኦቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ሾፌሩ የማይረግጣቸው ፍሪሲዮኖች አሉ፤ ሸራ የለበሱ ዲስኮችና ባዶ የብረት ዲስኮች እየተፈራረቁ የተደረደሩባቸው። የሚያጣብቃቸው የዘይት ግፊት ነው፤ ግፊቱ እንዳያመልጥ የሚጠብቁት ደግሞ የጎማ ቀለበቶች ናቸው። ጎማው በዕድሜ ብዛት ሲደርቅ ግፊቱ ይሾልካል፤ ዲስኮቹ በደንብ ሳይጣበቁ ይፋተጋሉ፤ ፍትጊያው ያግላል፤ ግለቱ ሸራውን ያሳርራል፣ ጎማውን ይብስ ያደርቃል። «ይውረድና ይፈታ፤ ዲስኩና ጎማው ይቀየር» አለ ሽማግሌው። ዋጋውንም፣ መኪናዋ የምትቆምበትንም ጊዜ ነገረው።

ሰውየው ዋጋውን ሲሰማ ሌላ መካሪ አማረው።

መካሪ ደግሞ ሞልቷል። ሾፌሮች መኪና በሚያቆሙበት ሜዳ ላይ፣ የቡና ኩባያ የያዘ ሁሉ አንድ ዘይት ያውቃል። «የፎርድ ታይፕ ኤፍ አድርግባት» አለው አንዱ። ምክሩ የሞኝ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀነራል ሞተርስ ዴክስሮን የተባለውን ዘይት ሲያወጣ፣ ማርሹ ሳያንገጫግጭ እንዲቀያየር የሚያለሰልስ ቅመም ጨምሮበት ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የፎርድ ታይፕ ኤፍ ግን ይህ ቅመም የለውም፤ ዲስኩን ጭብጥ አድርጎ ይይዛል።

ለወጠው። ያዘ! መኪናዋ ማርሽ በቀየረች ቁጥር እየተንገጫገጨች ቢሆንም ዳገቱን ወጣች። ሰውየው ደብተር ገዝቶ በመጀመሪያው ገጽ ቀኑንና የዘይቱን ስም መዘገበ፤ ከጎኑም «ያዘ» ብሎ ጻፈ። ለሽማግሌውም ደወለ።

«ጋሼ፣ አይሆንም ያሉት ሆነ!»

«አይሆንም አላልኩህም ልጄ። ይፈታ ነው ያልኩህ።»

ብዙ ሳይቆይ ለቀቀ። ሌላው መካሪ «ዘይቱ ቀጥኖብህ ነው፤ ወፈር ያለ የናፍጣ ሞተር ዘይት ሞክር» አለ። ይህም ከባዶ የመጣ አይደለም፤ የሞተር ዘይት እንዲጨመርባቸው ፋብሪካው የፈቀደላቸው የከባድ መኪና ካምቢዮዎች አሉ። የእሱ መኪና ከነዚያ ትሁን አትሁን ግን የጠየቀ የለም። ወፍራም ዘይት በደረቀ ጎማ በኩል ቶሎ አይሾልክምና ያዘ፤ ደብተሩ ላይ ገባ። ብርዱ ሲጠና ዘይቱ እየረጋ፣ መኪናዋ ጠዋት ጠዋት ማርሽ ገብቶላት ሳትንቀሳቀስ ትገተር ጀመር። ሰውየው ጥፋቱን ለብርዱ ሰጠ። ቀጥሎ የትራክተር ሃይድሮሊክ ዘይት መጣ፤ እሱም ለጥቂት ጊዜ ያዘ።

ሰነፍ ነበር ብለን እንዳንፈርድበት። ዘይት በለወጠ ቁጥር ጣቱ እስኪደነዝዝ ከመኪናው ሥር በረዶ ላይ ይጋደም ነበር። ድካሙ ብቻውን ካምቢዮ ያስወርዳል።

አንድ ቀን የዘይት ማጣሪያ ሊገዛ ጋራዡ መጥቶ ከሽማግሌው ጋር ክርክር ገጠመ። «ፋብሪካዎቹስ ሲሞክሩ አይደል የኖሩት? የዓሣ ነባሪ ዘይት ሳይቀር ጨምረዋል!»

እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ፣ ስፐርም ከሚባለው ዓሣ ነባሪ የሚገኝ ዘይት በአሜሪካ የካምቢዮ ዘይት ውስጥ ይገባ ነበር። እንስሳው እንዳይጠፋ ሕግ ሲከለክለው ነው ኬሚስቶቹ ምትክ ፍለጋ የተነሡት።

«አዎ፣ ሞክረዋል» አለ ሽማግሌው። «ጨምረው ያስነዳሉ፤ ከዚያ ፈትተው ሸራው ስንት እንደቀረ ይለካሉ። አንተ ጨምረህ ዘፈን ትከፍታለህ። እስቲ ያንን ደብተርህን አምጣው።»

ገጾቹን ገለበጠ። ቀን፣ የዘይት ስም፣ ያዘ። ቀን፣ የዘይት ስም፣ ያዘ።

«‹ለቀቀ› የሚለውን የት ነው የምትጽፈው?»

«ሲለቅማ ሌላ ዘይት ፍለጋ እሮጣለሁ ጋሼ፤ መች ጊዜ አለኝ?»

የመጨረሻው ምክር የፍሬን ዘይት ነበር፤ ጥቂት፣ ከካምቢዮው ዘይት ጋር ተቀላቅሎ። ከሁሉም አብልጦ የሠራው ይኸኛው ነው፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። የፍሬን ዘይት የደረቀ ጎማ ያሳብጣል። ያበጠው ጎማ የሚሾልከውን ግፊት ዘጋው፤ መኪናዋ እስከ ዋሻው ድረስ አንድ ጊዜ ሳትለቅ ወጣች። ጥርሱን ላመመው ሰው አረቄ እንዲህ ነው፤ የደነዘዘው የዳነ ይመስለዋል። ሰውየው በትልቁ ጻፈ፤ ወሬው ሜዳውን ሞላ። ትናንት መካሪ ሲፈልግ የነበረው ዛሬ ሌሎች የሚሰለፉለት መካሪ ሆነ። የገዛ ዘይቱን ማሽተት የተወውም ያን ሰሞን ነው።

ጎማው ግን ማበጥ ላይ አልቆመም። እየለሰለሰ ሄዶ በጣት የሚበጠስ ሆነ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ መኪናዋ እስከ አፏ ተጭና ዳገቱ ላይ ሳለች፣ ማርሾቹ ሁሉ ባንዴ ለቀቁ፤ የፊቱም የኋላውም። ተጎትታ ጋራዥ ገባች።

ሽማግሌው አልገሠጸውም። ካምቢዮውን አውርዶ ፈታና ዕቃውን ካርቶን ላይ ደረደረው። ሸራው ከዲስኮቹ ተልጦ አልቋል። የብረት ዲስኮቹ ከግለት ብዛት ሰማያዊ ሆነዋል። ብናኙ ከዘይቱ ጋር እየዞረ ፓምፑን ቧጥጦታል፤ ቶርክ ኮንቨርተሩም ውስጥ ገብቷል። መጀመሪያ ቀን ዲስክና ጎማ ብቻ የነበረው ሒሳብ ላይ አሁን ፓምፕና ኮንቨርተር ተጨመሩ። ሰውየው አልተከራከረም፤ ሌላ እቁብ ገባ።

ካምቢዮው ገና ሳይገጠም አንድ ወጣት ሾፌር ጋራዡ ድረስ መጣ። የእሱም መኪና ዳገት ላይ መጮህ ጀምራለች።

«ወንድሜ፣ አንተ ጋ የያዘው ዘይት ስሙ ማን ነው? ሜዳው ላይ ወሬው ሁሉ ስላንተ ነው።»

ሰውየው ከካርቶኑ ላይ አንዱን ዲስክ አንሥቶ ሰጠው። ወጣቱ ገልበጥ አድርጎ አየው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሸራ ነበረ።»

«እሺ» አለ ወጣቱ፣ ዲስኩን ወደ ቦታው እየመለሰ፤ «ዘይቱስ?»